ወረቀቱና አጥሩ፦ በጎጃም የኦቲዝም ምርመራና የኬጂ ምርጫ ሲመዘን

እዚህ የሚመዘኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ምርመራው በመጨረሻ የሚያስይዘው ወረቀትና የኬጂው አጥር። ሌላው ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። በጎጃም «ልጄ አፉን አልፈታም» ብሎ የተነሣ ወላጅ ጤና ጣቢያውን፣ የሆስፒታሉን ሕፃናት ክፍል፣ የጆሮ ክፍሉን፣ ከዚያም ትምህርት ቤቱን በየተራ ያንኳኳል። አንዱ ደጅ ከሌላው ጋር አይነጋገርም፤ የሚያገናኛቸው ወላጁ በፌስታል ይዞት የሚዞረው ወረቀት ነው።

ጤና ጣቢያ

ጤና ጣቢያው ስለ ኦቲዝም፣ ማለትም የልጁን መግባባትና ባሕርይ ስለሚነካው የእድገት ችግር፣ ብዙ የሚያደርገው የለም፤ ቢሆንም መዝለል አያዋጣም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያለው ቤተሰብ ሪፈር ሳይዝ ሆስፒታል ከሄደ ሽፋኑ እንደ ወትሮው አይሆንለትም። ከዚያ የሚወሰደው ሪፈር፣ የክብደት፣ የቁመትና የራስ ዙሪያ ልኬት፣ ቢቻል የሄሞግሎቢን ውጤት ነው። ሪፈሩ ላይ «ለተሻለ ሕክምና» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ አስተካክሉልን በሉ። «ንግግሩ ዘግይቷል፣ በስሙ ሲጠራ አይዞርም፤ የመስማት ምርመራና የእድገት ግምገማ ይደረግለት» የሚል አንድ መስመር ካለበት ሆስፒታል ላይ ልጁ ወዴት እንደሚላክ ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።

እስከዚህ ለመድረስ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው፣ ታገሡት» የሚለው ምክር ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ልዩነቱን ለማየት ግን አፉን ትታችሁ ጣቱንና ዓይኑን ተመልከቱ። ንግግሩ ብቻ የዘገየ ልጅ ውኃ ሲፈልግ ጄሪካኑን በጣቱ ያሳያል፣ ዞሮ እናቱን ያያል፣ እንደገና ጄሪካኑን ያያል። የኦቲዝም ምልክት ያለበት ልጅ ብዙ ጊዜ የእናቱን እጅ ከአንጓው ይዞ ይጎትትና ክዳኑ ላይ ያሳርፈዋል፤ ፊቷን አያይም። እጇ ለእሱ እንደ መክፈቻ ዕቃ ነው። የጨዋታውም ነገር እንዲሁ ነው። ሌላው ልጅ በጠርሙስ ክዳን ቡና ቀድቶ «ጠጪ» ሲል፣ ይኼኛው ክዳኖቹን በመስመር ደርድሮ አንዱ ሲነካበት ይጮኻል። ክዳን መደርደር ብቻውን ምንም አይደለም፤ ከመጠቆም፣ ከማሳየትና ከማስመሰል መጥፋት ጋር አብሮ ሲመጣ ነው ቀጠሮ የሚያስይዘው። ሲናገር የነበረ ልጅ የነበሩትን ቃላት ካጣ ግን አንድ ሳምንትም አትጠብቁ።

ከቤት ሳትወጡ እያንዳንዳቸው ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ የሚሆኑ ሦስት ቪዲዮ በስልክ ቅረጹ፦ እየተጫወተ ሳለ ከኋላው በስሙ ሲጠራ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ሲሆን፣ የሆነ ነገር ሲፈልግ። ልጁ ሐኪሙ ፊት ወይ ያለቅሳል ወይ እናቱ ነጠላ ውስጥ ይደበቃል፤ ከቃል ትረካ ይልቅ ቪዲዮው ይሠራል።

ባለ 20 ጥያቄው መጠይቅ

ለመጀመሪያ ማጣሪያ በብዙ አገር የሚሠራበት ኤም-ቻት-አር የሚባለው መጠይቅ ነው። 20 ጥያቄ፣ «አዎ» ወይም «አይ»፣ አምስት ደቂቃ ገደማ። ቀላል፣ ለሕክምና አገልግሎት በነጻ የሚገኝ፣ ጠቃሚ መሣሪያ ነው፤ አሞላሉ ግን በሦስት ቦታ ይበላሻል።

አንደኛው ዕድሜ ነው። የተሠራው ከ16 እስከ 30 ወር ላሉ ሕፃናት ነው። እኛ ዘንድ አብዛኛው ልጅ ለግምገማ የሚቀርበው ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል በ4 እና በ5 ዓመቱ ስለሆነ፣ ለእሱ ይህ መጠይቅ አያገለግልም። ወሩን ስትቆጥሩ ልደቱም የዛሬው ቀንም በአንድ አቆጣጠር ይሁን፦ ጥር 12 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ 30 ወር የሚሞላው ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። «በፍልሰታ ሰሞን ነው የተወለደው» ብቻ የሚባል ከሆነ የክትባት ካርዱ ይዳኝ።

ሁለተኛው የነጥብ አያያዙ ነው። በ17ቱ ጥያቄዎች ነጥብ የሚያስቆጥረው «አይ» ሲሆን፣ በ2ኛው፣ በ5ኛውና በ12ኛው የሚያስቆጥረው «አዎ» ነው። ሦስቱ መስማት የተሳነው መስሏችሁ ያውቃል ወይ፣ ጣቶቹን ከዓይኑ አጠገብ ለየት ባለ መንገድ ያንቀሳቅሳል ወይ፣ በተለመደ ድምፅ ይረበሻል ወይ የሚሉት ናቸው። ይህን ሳያዩ ሁሉንም «አይ» የቆጠሩ ወረቀቶች ልጁን እስከ ሦስት ነጥብ ያሳስቱታል፤ ሦስት ነጥብ ደግሞ ከዝቅተኛ ወደ መካከለኛ የሚያሻግር ነው። ከ0 እስከ 2 ዝቅተኛ፣ ከ3 እስከ 7 መካከለኛ፣ 8 እና ከዚያ በላይ ከፍተኛ ነው። መካከለኛ የወጣለት ልጅ የወደቀባቸው ጥያቄዎች በዝርዝር እንደገና ይጠየቃሉ፤ ከእነሱ 2 እና ከዚያ በላይ ከጸና ለሙሉ ግምገማ ይላካል። 8 እና ከዚያ በላይ ያለው በቀጥታ ይላካል። ዝቅተኛ የወጣው ልጅ ገና 24 ወር ካልሞላው ከሞላው በኋላ ይደገምለታል።

ሦስተኛው የቋንቋችን ጠባይ ነው። ጠያቂው «በጣቱ አይጠቁምም?» ካለ እናት «አዎ» ትላለች፤ አዎ፣ አይጠቁምም ማለቷ ነው። ወረቀቱ ላይ ግን «ይጠቁማል» ተብሎ ይሰፍራል። ጥያቄው ሁልጊዜ «ይጠቁማል ወይ?» ተብሎ ይቅረብ፤ መልሱም «ይጠቁማል» ወይም «አይጠቁምም» ይሁን። ዓይን ለዓይን ስለ መተያየት ሲጠየቅ ደግሞ ልጁ እናቱን ያያል ወይ ተብሎ ይታሰብ። ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ነውር በሆነበት ቤት ያደገ ልጅ ሐኪሙን አላየም ተብሎ ነጥብ ሊያዝበት አይገባም።

ጆሮ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ቤተሰቦች ይጸጸታሉ። «የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከጓዳ ሮጦ ይመጣል፣ እንዴት አይሰማም ትሉታላችሁ» የሚለው ክርክር አሳማኝ ይመስላል፤ ሆኖም አንዳንዱን ድምፅ የሚሰማና ሌላውን የማይሰማ ጆሮ አለ፣ ንግግርን ለመለየት ደግሞ ሁሉም ያስፈልጋል። ማጅራት ገትር የታመመ፣ ጆሮው መግል የሚያፈስ ወይም ሲወለድ ክፉኛ ቢጫ የሆነ ልጅ ሳይመረመር ኦቲዝም መባል የለበትም።

የልጁን መልስ የማይጠብቁ ሁለት ምርመራዎች አሉ። ኦ.ኤ.ኢ. የሚባለው ትንሽ መሰኪያ ጆሮ ውስጥ ተደርጎ በደቂቃዎች ያልቃል፤ ኩክ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ የተጠራቀመ ፈሳሽ ካለ ግን ጤነኛውን ጆሮ አላለፈም ይላል። ስለዚህ አላለፈም ሲባል መጀመሪያ ጆሮው ይታይ፣ ይጸዳ ወይም ይታከም፣ ከዚያ ይደገም። ሁለተኛው ኤ.ቢ.አር. ነው፤ ራስ ላይ በሚለጠፉ ገመዶች የነርቩን ምላሽ ይመዘግባል። ልጁ መተኛት አለበት። ሌሊቱን አምሽቶ፣ ጧት በጊዜ ተቀስቅሶ፣ አውቶቡስ ላይ እንዳይተኛ ተጠብቆ ቢመጣ ያለ ማስተኛ መድኃኒት የመሳካት ዕድሉ ይጨምራል። በቀጠሮ ቀን ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው እንቅልፉን መንገድ ላይ ጨርሶ ስለሚደርስ ነው።

ሆስፒታል

ሪፈር የሚያርፍባቸው ትልልቆቹ ደብረ ማርቆስ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ ባሕር ዳር ላይ ደግሞ ፈለገ ሕይወትና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ጥበበ ጊዮን ናቸው። ልጁ በሕፃናት ክፍልም በአእምሮ ሕክምና ክፍልም ያልፋል። «አእምሮ ሕክምና» የሚለውን ስም ሰምቶ የሚመለስ ወላጅ አለ፤ ይህ የክፍሉ ስም እንጂ የልጁ ፍርድ አይደለም።

ኦቲዝምን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም፣ ራጅም የለም። ሲቲ ስካን ወይም ኤም.አር.አይ. «ለኦቲዝም» ተብሎ ከታዘዘ ምክንያቱን ጠይቁ፤ የሚጥል በሽታ ጥርጣሬ፣ ከልክ ያለፈ የራስ ዙሪያ ወይም የነርቭ ምልክት ካለ ትርጉም አለው፣ ያለዚያ ገንዘብ ማባከን ነው። የአንጎል ሞገድ ምርመራውም የሚታዘዘው ልጁ ሲንቀጠቀጥ ወይም በድንገት ሲፈዝ ከታየ፣ ወይም የነበረውን ችሎታ ካጣ ነው። ሲወለድ የታይሮይድ ምርመራ ላልተደረገለት ልጅ ግን ቲ.ኤስ.ኤች. የሚባለውን የደም ምርመራ ማሠራት ተገቢ ነው።

ውሳኔው የሚሰጠው በታሪክና በእይታ ነው። ሐኪሞቹ የሚከተሉት ዲ.ኤስ.ኤም-5 የተባለው መመሪያ በሁለት ወገን ያያል። በመግባባት በኩል ሦስቱም መታየት አለባቸው፦ ስሜትና ወሬ የመለዋወጥ ችግር፣ በዓይንና በእጅ ምልክት የመነጋገር ችግር፣ ጓደኝነት የመፍጠር ችግር። በድግግሞሽ በኩል ከአራቱ ሁለቱ ይበቃሉ፦ ተደጋጋሚ እንቅስቃሴ ወይም ንግግር፣ ለውጥን አለመቀበል፣ በአንድ ነገር ከመጠን በላይ መጠመድ፣ ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለንክኪ የበዛ ወይም ያነሰ ስሜት። ለትንንሽ ልጆች በብዙ ቦታ የሚሠራበት ካርስ-2 የሚባለው መለኪያ 15 ጠባዮችን እያየ ከ15 እስከ 60 ነጥብ ይቆጥራል፤ ከ30 ጀምሮ ኦቲዝም ይጠረጠራል፣ ከ37 ጀምሮ ከባድ ይባላል። አዶስ-2 የሚባለው በተዘጋጁ መጫወቻዎች ከ40 እስከ 60 ደቂቃ የሚወስድ ሲሆን የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል። እሱ አልተገኘም ተብሎ ምርመራው ጎደሎ ነው አይባልም። በጥንቃቄ የተጠየቀ ታሪክ፣ የታየ ቪዲዮና ወለል ላይ ከልጁ ጋር የተጫወተ ሐኪም ይበቃል።

ከእኛ ሚዛን የሚወድቀው ምርመራ ልጁ ከእናቱ ጭን ሳይወርድ በጥቂት ደቂቃ ተጠናቆ የሪስፔሪዶን ማዘዣ የሚያስይዘው ነው። ይህ መድኃኒት ኦቲዝምን አያክምም፤ ራስን የመምታትና የከረረ የቁጣ ባሕርይ ሲኖር ነው የሚሰጠው፣ ክብደትና እንቅልፍም ይጨምራል። ለምን እንደታዘዘ፣ ምን ሲሻሻል እንደሚቆም ካልተነገራችሁ ጠይቁ።

ከእንጅባራ፣ ከዳንግላና ከአካባቢው ለሚመጡ አንድ ነገር ይጨመር። ቤቱ አዊኛ የሚነገርበት ልጅ በአማርኛ ተጠይቆ ዝም ቢል ንግግሩ ዘግይቷል ማለት አይደለም። የሚያስተረጉም ዘመድ ይኑር፣ ሪፖርቱም ልጁ በየትኛው ቋንቋ እንደታየ ይጻፍበት። ሌላው የዘመኑ ጉድ ከስልክ ካርቱን የለቀመውን እንግሊዝኛ የሚደጋግም ልጅ ነው። ቀለምና ቁጥር በእንግሊዝኛ ይዘረዝራል፣ «ውኃ ስጪኝ» ማለት ግን አይችልም። ቤተሰቡ «ጎበዝ ነው፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ሆነ» ይላል፤ ሐኪሙ ግን ልጁ በዚያ እንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠይቆ ያውቅ እንደሆነ ነው ማጣራት ያለበት።

አሁን ወረቀቱ። «የኦቲዝም ስፔክትረም ችግር፣ ደረጃ 2» የሚል አንድ መስመር ለመድንና ለመዝገብ ይሆናል፤ ለመምህርት ግን ምንም አይነግራትም። እንዲህ ያለ ነገር አጽፉ፦ «አንድ ነገር ብቻ ሲታዘዝ ይፈጽማል፣ ሁለት በአንድ ላይ አይችልም። ሽንቱ ሲመጣ ሱሪውን ይይዛል እንጂ አይናገርም። የማይክራፎን ድምፅ ሲሰማ ጆሮውን ይዞ ይሮጣል። ሥዕል ከቃል በተሻለ ይገባዋል። የሚጥል በሽታ የለበትም።» ሐኪሙ ጊዜ ከሌለው ቤት ጽፋችሁ ሂዱና አይቶ ማኅተም ያድርግበት። ሦስት ቅጂ አንሡ።

አዲስ አበባ

ከደብረ ማርቆስ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ የዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት አለበት፣ በነዚህ ዓመታት መንገዱ ክፍት መሆኑንም ማጣራት ግድ ነው። ኒያ ፋውንዴሽን ስር በዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በአገሪቱ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ጎጃም ላይ ምርመራው አሻሚ ከሆነ ለሁለተኛ አስተያየት መሄድ ያዋጣል። ኑሮን ነቅሎ ለልጁ ብሎ አዲስ አበባ መግባት ግን የማዕከሉ ቦታ በእጅ ሳይገባ አይሞከር፤ አያትና ጎረቤት የሚያግዙበትን ቤት ትቶ በኪራይ ክፍል ከልጁ ጋር ብቻውን የቀረ ወላጅ ከሚያገኘው የሚያጣው ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀውና ኢትዮጵያ ውስጥም የተሞከረው የተንከባካቢዎች ሥልጠና በአቅራቢያችሁ ተሰጠ ከተባለ ግን አትለፉት፦ ከ2 እስከ 9 ዓመት ላሉ ልጆች ቤተሰብ፣ 9 የቡድን ክፍለ ጊዜና 3 የቤት ጉብኝት። የሚያስተምረው ማጠብን፣ ማብላትንና ጨዋታን የንግግር ልምምድ ማድረግ ነው።

ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ይውሰድ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ያለው ልጅ ግን መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ይጠመቅ፤ በድንገት የተቋረጠ መድኃኒት የማያባራ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ሲፈስበት የሚደነግጥ ልጅ ካለም ከእግሩ ጀምሮ ቀስ ይባልለት።

ኬጂ

ምዝገባው በነሐሴ ነው፤ ኬጂውን ማየት ያለባችሁ ግን ትምህርት እያለ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ጧት 4 ሰዓት ገደማ ነው። ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ውስጥ የሚነገረውና ግቢው ውስጥ የሚታየው ይለያያል።

መጀመሪያ አጥሩ። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ሳይታሰብ ጥለው ይሄዳሉ፣ ብዙዎቹን ደግሞ ውኃ ይስባቸዋል። ባሕር ዳር ጣና ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ዓባይም ከዚያው ይወጣል። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ አውራ ጎዳናው መሐላቸውን ሰንጥቆ ያልፋል። አጥሩን ዙሩት፤ በቆርቆሮው ሥር ልጅ የሚያሾልክ ክፍተት፣ ለመጸዳጃ የተቆፈረ ያልተከደነ ጉድጓድ፣ ክዳን የሌለው የውኃ ጉድጓድ ካለ ሌላው ጥራት ዋጋ የለውም። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ በመውጫ ሰዓት ልጁን ለማን እንደሚያስረክብ ጠይቁት። «እናውቃቸዋለን» በቂ መልስ አይደለም።

ሁለተኛው ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የመስከረም ዝናብ ሲወርድ የመምህርቷ ድምፅ አይሰማም፤ ድምፅ የሚያሠቃየው ልጅ ያን ቀን ጠረጴዛ ሥር ነው የሚያሳልፈው። ደወሉ የመኪና ቸርኬ ከሆነ፣ የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓቱ በድምፅ ማጉያ ከሆነ ልጁ ከሰልፉ ጀርባ እንዲቆም ወይም 15 ደቂቃ ዘግይቶ እንዲገባ አስቀድማችሁ ተስማሙ። ሽንት ቤቱንም ግቡና እዩት። ጨለማና ሽታ የሚፈራ ልጅ ቀኑን ሙሉ ሽንቱን ይዞ ይውላል፣ ከሰዓት ላይ ምክንያቱ የማይታወቅ ለቅሶ ይጀምራል፤ መምህርቷም «ባሕርዩ ተለወጠ» ትላለች።

ሦስተኛዋ መምህርቷ ናት፤ ረዳት አላት ወይ? ክፍል ውስጥ ከምትጠይቋት ጥያቄ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፦ «አንድ ልጅ ተነሥቶ ቢሄድ ምን ታደርጊያለሽ?» «እቆጣዋለሁ» ካለች ተሰናበቱ። «የት እንደሚሄድ አያለሁ፣ ረዳቷን እልካለሁ» ያለችው ሥልጠና ባይኖራትም ትመረጣለች።

ዓይነቶቹን በአጭሩ። የግል ኬጂ ነርሰሪ፣ ኤልኬጂና ዩኬጂ እያለ በሦስት ዓመት ያስተምራል። የተማሪው ቁጥር አነስ ሊል ይችላል፤ ችግሩ ጥድፊያው ነው። እርሳስ በቅጡ ለማይጨብጥ የ4 ዓመት ልጅ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራ ያሸክማል፤ «ወደ ኋላ ቀረ» ብሎም ያስወጣል። ሲመዘገብ ኦቲዝሙን መደበቅ የሚመጣው ከዚህ ፍርሃት ነው። በሁለተኛው ሳምንት መታወቁ አይቀርም፣ ያኔ መምህርቷም ተታለልኩ ትላለች፤ ደብቃችሁ የምታገኙት ወንበር አይጸናም። የመንግሥቱ ቅድመ አንደኛ፣ ሰዉ ዜሮ ክፍል የሚለው፣ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የ2 ዓመት ያደረገው ነው። በነጻ ነው፣ ለቤት ቅርብ ነው፤ ክፍሉ ይታጨቃል። በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ያለው የልዩ ፍላጎት ክፍል መስማት የተሳናቸውንና የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸውን በአንድ ላይ ሊይዝ ይችላል፤ መምህሩ በልዩ ፍላጎት ትምህርት የተመረቀ ከሆነና ልጁ በዕረፍትና በጨዋታ ሰዓት ከሌሎቹ ጋር የሚቀላቀል ከሆነ ከተጨናነቀው ክፍል ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ተነጥሎ የሚዘጋበት ከሆነ አይሻልም።

የቄስ ትምህርት ቤትን ባለሙያዎች ከዝርዝሩ ያወጡታል፤ እኛ ግን ባናወጣው እንመርጣለን። ልጁ ተራው ሲደርስ ከየኔታ ወይም ከታላቅ ተማሪ ጎን ይቀመጣል፤ ፊደል ገበታው ላይ ስንጥሩ አንድ ፊደል ይነካል፣ አንድ ድምፅ ይወጣል፣ ነገም በዚያው ተራ ይቀጥላል። አንድ ለአንድ፣ በእጅ የሚነካ፣ የማይለዋወጥ፤ ውድ ማዕከሎች የሚፈልጉት ቅርጽ ነው። ሁለት ነገር ይጠበቅ። አለንጋ ካለ አይሆንም። ደግሞም ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ የሚያንበለብል ልጅ ተናገረ ማለት አይደለም፤ «ውሃ» የሚለውን አንብቦ ውኃ ካልጠየቀበት ድምፅ ብቻ ነው የያዘው። በቀን አንድ ሰዓት፣ ከኬጂ ጎን ለጎን፣ ጥሩ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

በነሐሴ መጨረሻ ግቢው ባዶ ሳለ ልጁን ሁለት ሦስት ጊዜ ወስዳችሁ በሩን፣ ወንበሩን፣ ሽንት ቤቱን አሳዩት። በዚያው የአምስት ነገሮች ፎቶ አንሡ፦ የውኃ ጠርሙሱ፣ የምሳ ዕቃው፣ የሽንት ቤቱ በር፣ የራሱ ወንበር፣ የቤታችሁ በር። ፎቶ ቤት ታትመው ላሚኔት ይደረጉና በቀለበት ታስረው ከወገቡ ይንጠልጠሉ። ከበይነ መረብ የወረደ የሽንት ቤት ሥዕል አይሠራም፤ ለእሱ ሽንት ቤት ያ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ነው። መጀመሪያ ሳምንት በቀን አንድ ሰዓት፣ ሁለተኛው እስከ ዕረፍት፣ በሦስተኛው እስከ ምሳ። እያለቀሰ ሳይሆን ደኅና እያለ ይውጣ፤ እያለቀሰ ከወጣ ማልቀስ ወደ ቤት እንደሚወስድ ይማራል።

ወንበሩ ከግድግዳ ጋር፣ ከበሩ ርቆ፣ ከመምህርቷ በሁለት ክንድ ርቀት ይሁን። ምሳው ላይ አዲስ ነገር አትሞክሩ፤ ነጭ እንጀራ ብቻ የሚበላ ልጅ በመጀመሪያው ወር ነጭ እንጀራውን ይብላ። ለመምህርቷ ባለ 50 ገጽ ደብተር ስጧትና በቀን ሁለት መስመር ትጻፍ፦ ዛሬ ምን አስቸገረው፣ ከዚያ በፊት ምን ሆኖ ነበር። ሁለተኛው መስመር ነው የሚጠቅመው፤ «ጮኸ» ሲል ምንም አያሳይም፣ «ደወል ከተደወለ በኋላ ጮኸ» ሲል ግን መፍትሔውን ይዞ ይመጣል። ደብተሩን በሚቀጥለው የሆስፒታል ቀጠሮ ከዚያው ፌስታል ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ።